የጥርስ ሳሙና አረፋ፣ ፕላክ እና የድድ ጤና

በአማርኛ «የጥርስ ሳሙና» ነው የምንለው። ከሳሙና ደግሞ አረፋ እንጠብቃለን፤ አረፋው ያነሰ ሳሙና ልብስም ሆነ ሳህን በደንብ ያጸዳል ብለን አናምንም። በጥርስ ክሊኒኮች ሳስተረጉም ስለ አረፋ የሚነሱ ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግሜ የምሰማው ለዚህ ይመስለኛል። አንደኛው «ይሄ አረፋ የማያወጣው ሳሙና እውነት ያጸዳል?» የሚል ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ «ድዴን የሚያደማው አረፋ የሚያወጣው ኬሚካል ነው አሉኝ፤ ልተወው?»

አጭሩ መልስ እንዲህ ነው። አረፋ ፕላክን አያነሳም፤ ፕላክን የሚያነሳው የብሩሹ ፍትጊያ ነው። ሲቦርሹ ድድዎ የሚደማ ከሆነም፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሳሙናው ሳይሆን በድድዎ ጠርዝ ላይ የቆየው ፕላክ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ድዳቸው ሲደማ መቦረሽ የሚያቆሙ፣ ወይም ሳሙና እየቀያየሩ ወራት የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ፤ በዚያ መሀል ጥርሱን የያዘው አጥንት ሊጎዳ ይችላል። አጥንቱ አንዴ ከሄደ በራሱ ተመልሶ አይበቅልም።

አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር የሚያስቸግራቸው ሰዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ስለ እነሱ ከታች ለብቻው ተጽፏል።

አረፋውን የሚያወጣው ምንድን ነው?

በአብዛኛው የጥርስ ሳሙና ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በአጭሩ ኤስ ኤል ኤስ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከኮኮናት ወይም ከፓልም ዘይት ይሠራል፤ በሻምፖና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥም ይገኛል። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው መጠን በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው።

የእያንዳንዱ ቅንጣት አንዱ ጫፍ ውኃን፣ ሌላው ጫፍ ቅባትን ይስባል። በዚህ ምክንያት ሳሙናው በአፍ ውስጥ ቶሎ እንዲሰራጭ፣ ጣዕሙ እንዲዳረስ፣ የላላ የምግብ ቅሪትም ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ እንዲወጣ ያግዛል። ከሚንቱ ቅዝቃዜ ጋር ሆኖ ደግሞ «አፌ ጸዳ» የሚለውን ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጥርስዎ መጽዳቱን አያረጋግጥም። (ጠዋት ጥርስዎን ቦርሸው ወዲያው የብርቱካን ጭማቂ ሲጠጡ የሚመርርዎትም በዚሁ ንጥረ ነገር የተነሳ ነው። ምላስ ጣፋጭ የመለየት አቅሙን ለጥቂት ጊዜ ይቀንሰዋል፣ መራራውን ደግሞ ያጎላዋል።)

ፕላክ ምንድን ነው? አረፋስ ለምን አያነሳውም?

ፕላክ በጥርስ ላይ የሚጣበቅ፣ በባክቴሪያ የተሞላ ስስ ሽፋን ነው። ቀለሙ ከጥርስ ብዙ ስለማይለይ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በምላስ ሲዳስሱት ግን ጥርስዎን ሸካራ ያደርገዋል። ጥርስዎን ካጸዱ በኋላ በሰዓታት ውስጥ እንደገና መፈጠር ይጀምራል። ይህ የሚሆነው የማንኛውም ሰው አፍ ውስጥ ነው፤ ንጽሕናን ከመጠበቅና ካለመጠበቅ ጋር የተያያዘ ነውር አይደለም።

ባክቴሪያዎቹ እንዲሁ ተበትነው አይቀመጡም። ራሳቸው በሚሠሩት ሙጫ መሰል ነገር እርስ በርስና ከጥርሱ ጋር ይያያዛሉ። ውኃ የቆየበትን ጀሪካን ያስታውሱ፤ ውስጡ የሚያንሸራትት ነገር ይይዛል። ሳሙናና ውኃ ብቻ ጨምረው ቢያናውጡት አረፋው እስከ አፉ ይሞላል፣ ያ የሚያንሸራትተው ነገር ግን ከግድግዳው አይለቅም። ሀገር ቤት ጠጠር ወይም አሸዋ ጨምረን የምንነቀንቀው ለዚህ ነበር። ፕላክም ጠባዩ እንደዚያ ነው፤ የሚለቀው ሲፈተግ ነው።

ኤስ ኤል ኤስ ያለበትንና የሌለበትን የጥርስ ሳሙና ያነጻጸሩ ጥናቶች በፕላክ መጠንም ሆነ በድድ መቆጣት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በሳሙና መቦረሽንና ያለ ሳሙና በብሩሽ ብቻ መቦረሽን አነጻጽረው፣ ፕላክን በማንሳት ረገድ ሳሙናው ብዙም የጨመረው ነገር እንደሌለ አይተዋል። «ታዲያ ሳሙናው ለምን ያስፈልጋል?» ቢሉ፣ ዋናው ምክንያት ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ጥርስ እንዳይቦረቦር ይከላከላል፤ ሥራውን ለመሥራት ደግሞ አረፋ አያስፈልገውም።

እንዲያውም ብዙ አረፋ አንድ ጉዳት አለው። አፍ ቶሎ ስለሚሞላ ሰው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተፍቶ ይጨርሳል። የኋላ ጥርሶችና በምላስ በኩል ያለው ጎን ሳይነኩ ይቀራሉ።

ሳይነሳ የቆየ ፕላክ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ይጠነክርና ታርታር ይሆናል። ታርታር እንደ ድንጋይ ስለሆነ በቤት ውስጥ በብሩሽም፣ በሳሙናም፣ በመፋቂያም አይነሳም። በስለት ወይም በጥፍር ለመፋቅ አይሞክሩ። የጥርስ ሐኪም ወይም የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ በመሣሪያ ያነሳዋል። ከድድ በታች የገባ ታርታር ካለ «ዲፕ ክሊኒንግ» ያስፈልግዎታል ይባላሉ፤ ይህ ከተለመደው እጥበት የተለየ ሕክምና ስለሆነ ዋጋውንና ኢንሹራንስዎ የሚሸፍነውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ድዴ የሚደማው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ፈቃደኞች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ዳኑ። የድድ መቆጣት ከፕላክ እንደሚመጣና ፕላኩ ሲነሳ እንደሚድን በግልጽ የታየው በዚህ ሥራ ነው።

የተቆጣ ድድ ቆዳው ስስና በደም የተሞላ ስለሚሆን ብሩሽ ሲነካው ይደማል። ሰው ደሙን ሲያይ ብሩሹ ያቆሰለው ይመስለውና ያንን ቦታ መንካት ይተዋል። ፕላኩ ይከማቻል፣ ድዱ የባሰ ይቆጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይደማል። ነርስ ሆኜ ሀገር ቤት ስሠራም፣ እዚህ ሳስተረጉምም ያየሁት ነገር ቢኖር ይህንን ለታካሚ ማስረዳት ቀላል አለመሆኑ ነው፤ የሚደማን ቦታ እሹት ማለት ከደመ ነፍሳችን ጋር ይጋጫል። ሆኖም ትክክለኛው ነገር ይኸው ነው። የሚደማውን ቦታ በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ብለው፣ በየቀኑ ያጽዱት። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ካልቀነሰ ታርታር ወይም ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ቀጠሮ ይያዙ።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ በራሪ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ «ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ የታመመ ድድ ቀይ ነው» ይላሉ። ይህ ምልክት ለብዙዎቻችን አይሠራም። የብዙ ሐበሻ ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ወይም ቡናማ ነው፤ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና እህቶችም አሉ። ጥቁር ድድ በሽታ አይደለም፣ ሮዝ ለማድረግም መፋቅ አያስፈልገውም። ነገር ግን በጥቁር ወይም በተነቀሰ ድድ ላይ ቅላቱ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ትተው ሌሎቹን ምልክቶች ይመልከቱ፦ ሲቦርሹ ወይም ሲተፉ ደም መኖሩን፣ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው የድድ ጫፍ ማበጡንና መብለጭለጩን፣ ሲነኩት መልፈስፈሱን፣ የማይለቅ የአፍ ሽታን፣ ጥርስዎ ከበፊቱ ረዝሞ መታየቱን። ንቅሳት ካለብዎት ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ አይተውት የማያውቁ ሐኪሞች ቀለሙን እንደ በሽታ ቆጥረው ሊጨነቁበት ይችላሉ።

ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ድዳቸው ታሞም ላይደማ ይችላል፤ ትምባሆ የደም መፍሰሱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሚያጨሱ ከሆነ «አይደማም» ብለው አይዘናጉ።

ሌሎች ሁኔታዎችም ድድን ይነካሉ። የስኳር በሽታ የድድ በሽታን ያባብሳል፤ የድድ በሽታም በበኩሉ ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። በእርግዝና ጊዜ ድድ በቀላሉ ይቆጣል። እንደ አምሎዲፒንና ኒፈዲፒን ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድድ እንዲያድግና ጥርስን እንዲሸፍን ያደርጋሉ። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ድዳቸው ከተቆጣ የበለጠ ይደማል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱንም በራስዎ አያቁሙ። ስማቸውን ጽፈው ወይም ብልቃጡን ይዘው ለጥርስ ሐኪምዎ ያሳዩ።

አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር የሚጎዳው ማንን ነው?

ኤስ ኤል ኤስ የአፍን ውስጠኛ ቆዳ የሚሸፍነውን መከላከያ ሊያሳሳ ይችላል። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንድ ሰዎች ግን ከቦረሹ በኋላ በጉንጫቸው ውስጥ ነጭ፣ እንደ ስስ ክር ወይም እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሚላጥ ነገር ያያሉ፤ ወይም አፋቸው ይቃጠላል። የሚላጠው የላይኛው ስስ ቆዳ ነው። ሳሙናው ሲቀየር ይተዋል።

በአፋቸው ውስጥ እየተመላለሰ ቁስል የሚወጣባቸው ሰዎች ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። ይህ ቁስል ክብ ነው፣ መሀሉ ነጭ ወይም ቢጫ ዙሪያው ቀይ ነው፤ ቅመም ሲነካው እንባ ያስመጣል። በርበሬና ሚጥሚጣ ለለመደ ቤት ትንሽ ችግር አይደለም። በ1990ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ የተጀመሩ ጥናቶች ኤስ ኤል ኤስ የሌለበት ሳሙና መጠቀም በአንዳንዶቹ ላይ የቁስሉን ብዛት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ውጤቱ ግን በሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ስለዚህ ሙከራው ተገቢ ነው እንጂ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት አይቻልም። ለአንድ ወይም ለሁለት ወር ቀይረው ይሞክሩ። ልዩነት ካላዩ ወደ ቀድሞው ሳሙና ቢመለሱ ችግር የለውም። በከንፈር ላይ ከውጭ በኩል የሚወጣውና በተለምዶ «ምች» የምንለው ግን በቫይረስ የሚመጣ ሌላ ነገር ስለሆነ ሳሙና በመቀየር አይለወጥም።

አፋቸው የሚደርቅ ሰዎችም፣ ከመድኃኒት፣ ከዕድሜ ወይም ጫት ከመቃም የተነሳ ሊሆን ይችላል፣ አረፋ በሌለው ሳሙና ይቀላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኤስ ኤል ኤስ ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ በስልክ እየተላለፈ ብዙዎችን አስፈርቷል። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። በአንጻሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን በሐኪም መታየት አለበት።

የታዘዘ የአፍ መጉመጥመጫ ካለዎት

ከዲፕ ክሊኒንግ ወይም ከጥርስ መነቀል በኋላ ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ ሊታዘዝልዎት ይችላል። በአሜሪካ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን ጥንካሬው 0.12 በመቶ ነው። ባክቴሪያን በመግደል ድድ እንዲያገግም ይረዳል። ከአረፋው ጋር ያለው ግጭት ግን ብዙ ጊዜ ለታካሚው ሳይነገር ይቀራል።

ክሎርሄክሲዲን ፖዘቲቭ፣ ኤስ ኤል ኤስ ደግሞ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ጠባይ አላቸው። አፍ ውስጥ ሲገናኙ ይጣበቃሉ፤ መድኃኒቱም ጥርስና ድድ ላይ ተቀምጦ መሥራት ያቅተዋል። ጥርስዎን ቦርሸው ወዲያው ከተጉመጠመጡ የከፈሉበት መድኃኒት ትልቁን ጥቅሙን ያጣል ማለት ነው። ከቦረሹ በኋላ አፍዎን በውኃ በደንብ ያለቅልቁ፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ረዘም ያለ ጊዜ የሚመክሩ ሐኪሞችም ስላሉ የእርስዎን ይጠይቁ። ሌላው አማራጭ ሕክምናው እስኪያልቅ ኤስ ኤል ኤስ የሌለበት ሳሙና መጠቀም ነው። ከተጉመጠመጡ በኋላ ወዲያው በውኃ አይለቅልቁት።

ይህ መድኃኒት ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ያብሱበታል። ቀለሙ በክሊኒክ ይነሳል። ከታዘዘልዎት ቀን በላይ አይጠቀሙበት፣ ለቤተሰብም አያካፍሉ።

ሳሙና ሲመርጡ

መጀመሪያ የሚፈልጉት ፍሎራይድ ነው። በቱቦው ወይም በካርቶኑ ላይ «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» በሚለው ሥር ይጻፋል። አረፋ የሚያወጣው ደግሞ «ኢንአክቲቭ ኢንግሪዲየንትስ» ከሚለው ሥር ነው። ማንበብ ካስቸገረዎት ለፋርማሲ ባለሙያው «ኤስ ኤል ኤስ ፍሪ፣ ዊዝ ፍሎራይድ» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ሐረግ እንዳይቀር። «ተፈጥሯዊ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ አረፋውንም ፍሎራይዱንም አብረው ያስቀሩ አሉ፤ የአፍ ቁስሉን ለመከላከል ሲሉ ጥርስዎ እንዲቦረቦር አይፍቀዱ።

ድድዎ የሚደማ ከሆነ ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ይጠቅማል። ይህ የፍሎራይድ ዓይነት ባክቴሪያን ስለሚያዳክም ከመቦርቦር በተጨማሪ የድድ መቆጣትን ይቀንሳል። አንዳንድ ጊዜ ጥርስ ላይ ቀለም ሊተው ይችላል። ውድ ሳሙና መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ፍሎራይድ ያለው ርካሽ ሳሙና በደንብ ከቦረሹበት ይበቃል።

ለልጆች መጠኑ ይለያል። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። እንዳይውጡት አጠገባቸው ይሁኑ።

አቦራረሽ፣ መፋቂያ እና ጾም

ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ። ጸጉሩን ጥርስና ድድ ወደሚገናኙበት መስመር አዘንብለው ትንንሽ እንቅስቃሴ ያድርጉ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ደቂቃ። በኃይል መፈተግ ድድን ያሸሻል እንጂ የበለጠ አያጸዳም። አረፋው እየሞላ የሚያስቸግርዎት ከሆነ የመጀመሪያውን ደቂቃ በእርጥብ ብሩሽ ብቻ ቦርሸው ከዚያ ሳሙናውን ይጨምሩ። ብሩሽ በጥርሶች መካከል ስለማይገባ በቀን አንድ ጊዜ በጥርስ ክር ወይም በቀጭን የጥርስ መሀል ብሩሽ ያጽዱ። የቱ ቦታ እንደቀረዎት ለማየት ፕላክን የሚያቀልም ክኒን በፋርማሲ ይሸጣል። ልጆች በጣም ይወዱታል፤ አዋቂዎች ደግሞ ሲያዩት ይደነግጣሉ።

መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ አይተዉት። አረፋ የለውም፤ ግን ይፈትጋል፣ በትክክል ከተጠቀሙበትም ከብሩሽ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል። ጫፉን አኝከው እንደ ብሩሽ ያለስልሱት፤ በምላስ በኩል ያለውን ጎንና የኋላ ጥርሶችንም ያዳርሱ። ፍሎራይዱን ለማግኘት ማታ ከመተኛትዎ በፊት በሳሙና ይቦርሹ። ከሰል ወይም ደረቅ ጨው መፈተግ ግን ጥርስን ያሳሳል፤ ሎሚም አሲድ ስለሆነ ይጎዳዋል።

በጾም ወቅት አረፋ እውጣለሁ ብለው ቀኑን ሙሉ ጥርሳቸውን የማይነኩ ሰዎች አሉ። በረመዳን ከሱሁር በኋላና ከመተኛትዎ በፊት፣ በዐቢይ ጾምም ማታ ከመተኛትዎ በፊትና ጠዋት ጾም ከያዙ ያለ ሳሙና በብሩሽ ብቻ ቢቦርሹ ፕላኩ አይከማችም። ስለ ሥርዓቱ ጥያቄ ካለዎት የሃይማኖት አባትዎን ወይም ኢማምዎን ይጠይቁ።

ወደ ክሊኒክ መቼ ልደውል?

መድማቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ከድድ መግል ከወጣ ወይም ድድ ከጥርስ እየሸሸ ከሆነ ቀጠሮ ይያዙ። ፊትዎ ወይም አንገትዎ ካበጠና ትኩሳት ካለዎት በዚያው ቀን ይታዩ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት 911 ይደውሉ።

ሐኪሙ ጋ ሲገቡ «ድዴን ያመኛል» ከማለት ይልቅ የትኛው ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሲቦርሹ ብቻ ወይስ በራሱ እንደሚደማ ይናገሩ። የሚጠቀሙበትን ሳሙናና መጉመጥመጫ ይዘው ይሂዱ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮውን ሲይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ይበሉ። ልጅዎ እንግሊዝኛ ጎበዝ ቢሆንም እንኳ «ታርታር» እና «ዲፕ ክሊኒንግ» የሚሉትን ነገሮች፣ ከዚያም ዋጋውን፣ ለወላጁ እንዲተረጉም አይጠበቅበትም።